ለሙና የሰጠሁት አምስት

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ከአልጋው ወርዶ በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ ይንጠራራል፤ ለብሶት ያደረው ስስ ካናቴራ ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ ለክቶ ውጤቱን መስተዋቱ ላይ ይጽፍለታል። ጀርባ አራት፣ ትከሻ አምስት፣ ቀኝ ጭን አራት። ከዚያ ቁርሱን በልቶ ቁጥሩ ወደሚፈቅድለት በር ይሄዳል። ሽማግሌ የተላከበት ቤት የልጁን ዘር መጠየቅ ትቶ የወገቡን ደረጃ ይጠይቃል። እድር ሲለፍፍ «ትከሻው ከአራት በላይ የሆነ አባል ለሬሳ ሸክም ይቅረብ» ይላል። እኔ የተወለድኩት በ2045 ስለሆነ ሌላ ዓይነት አኗኗር አላውቅም፤ እናቴ ግን ይህን ልፈፋ በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ካናቴራው አይዋሽም ይባል ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አርባ የፋብሪካ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ካናቴራቸውን ለአንድ ድንጋይ ጠራቢ እያለበሱ ሲያስለኩ ተያዙና ሕጉ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ በሰው እጅ ይፈተሻል። የካናቴራው ቁጥርና የእጁ ቁጥር ከተለያዩ የሚጸናው የእጁ ነው። «የእጅ ቃል» ይባላል። ፈታሹ ደግሞ የእጅ ዳኛ ነው፤ እኔም ለዚህ ሙያ ነው አራት ዓመት የተማርኩት።

ሙያው ሲነገር ቀላል ነው። ዜሮ ማለት ጡንቻው ሲጠሩት አልሰማም ማለት ነው። አንድ ማለት ሰምቶ ብልጭ አለ፣ ግን ምንም አላንቀሳቀሰም። ሁለት ክብደቱን መሸከም አይችልም፤ ሦስት የራሱን ክብደት ያነሣል፤ አራት ሲጫኑት ትንሽ ታግሎ ይሸነፋል፤ አምስት አይሸነፍም። ችግሩ ሰውነት ጨዋ አለመሆኑ ነው። አንድ ጡንቻ ሲደክም ጎረቤቱ ዝም ብሎ አያይም፣ ሥራውን ይሠራለታል። ክንድ ማንሣት ያቃተው ትከሻ በአንገቱ ታግዞ ያነሣል፤ ከውጭ ላየው ክንዱ ተነሥቷል። ካናቴራው ድምሩን እንጂ ማን እንደሠራው አያውቅም። እኛ ተማሪዎቹ ይህን «ወንፈል» እንለው ነበር። ወንፈል እርሻ ላይ ደግ ነገር ነው፤ ሰውነት ላይ ግን በሽታ ይደብቃል።

ያስተማሩን መምህር ይማም ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ላይ የአካባቢው የመጨረሻ ዳኛ ነበሩ። ሁለት የእጅ ዳኞች ያልተስማሙበት ሰው እርሳቸው ጋ ይቀርባል፣ የእርሳቸው እጅ ያለው አይሻርም። የመጨረሻ ዓመት ላይ ስንደርስ ጡረታ ሊወጡ እንደሆነና ወንበሩን ከእኛ ከአሥራ አንዳችን ለአንዱ እንደሚተዉ ነገሩን። ያን ቀን ሁላችንም ዞር ብለን ያየነው ሙናን ነው። እኔም አየኋት። ትርንጎ የምባለው እኔ፣ የአያቶች ስም ፋሽን ሆኖ በተመለሰበት ዓመት የተወለድኩት፣ በጽሑፍ ፈተና አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ የወጣሁት፣ ከሁሉም በፊት ነው የዞርኩት።

ሙና ከባቲ የመጣች ልጅ ናት። መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም ብል ትንሽ ነው የማጋንነው። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭኔ ላይ በእስክሪብቶ ጡንቻ እየሣልኩ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ በየትኛው ነርቭ እንደሚታዘዝ እየሸመደድኩ ነው ያደግኩት። እሷ ፈተና ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ትርንጎዬ፣ የዚችኛዋ ነርቭ ስሟ ማን ነበር?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ከዚያ መጋረጃው ይዘረጋል። በመጋረጃው ቀዳዳ የማናውቀው ሰው ክንድ ወይም እግር ይወጣል፤ ፊቱን አናይም፣ ታሪኩን አንጠይቅም፣ በእጃችን ብቻ ደረጃውን እንሰጣለን። የሙና ቁጥር ሁልጊዜ ከመምህር ይማም ቁጥር ጋር አንድ ነው። የእኔ ከአሥር ሰባት። ስሙን አውቀው ነበር፤ ባለቤቱን የምታውቀው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን መምህር እጄን ከአንድ ጉልበት ላይ አነሡና አሥሩ ተማሪዎች እየሰሙ፣ «የአንቺ እጅ ብዙ ያወራል። ትንሽ ዝም ቢል ኖሮ ይሰማ ነበር» አሉኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ቀናሁ። ቃሉን አላሳምረውም። የቀናሁት በሙና እጅ ነው። ጥፍሯን በየስንት ቀኑ እንደምትቆርጥ አውቃለሁ፣ እኔም በዚያው ቀን እቆርጥ ነበር። የምትቀባውን ቅባት ገዝቼ ተቀባሁ። ሻይ እጇ ላይ ይፈስስባት ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ በዚያው ቀን ሻይ ሲቀዳላት ስኒውን ከጠረጴዛው ጫፍ ራቅ አድርጌላታለሁ። እሷ ግን ይህን ሁሉ የምታውቅ አትመስልም ነበር። «ትርንጎዬ» ማለቷን አላቆመችም፣ እኔም በየቀኑ «ወዬ» እያልኩ መቃጠሌን አላቆምኩም።

የመጨረሻው ፈተና ሚያዝያ ላይ ነው። በዚህ ፈተና ተማሪው የሚፈትሸው ተማሪ ጓደኛውን ነው፤ ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የሚሰጠው ቁጥር የልምምድ አይደለም፣ የተፈተሸው ሰው የዓመቱ የእጅ ቃል ሆኖ ይመዘገባል። የእጅ ዳኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሁለቱም እጆቹ ጡንቻ ሁሉ አምስት መሆን አለበት። አንድ አራት ከተገኘ በዚያ ዓመት ፈቃድ የለም፣ ወንበርም የለም። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሙናን የሚፈትሻት ካሳሁን ነበር፤ በግልጽ የሚወዳት፣ እሷም በግልጽ የምታሾፍበት ልጅ። በማግስቱ ዝርዝሩ ተለወጠና ስሜ ከስሟ ጎን ተጻፈ። ጽሕፈት ቤት ሄዳ ያስለወጠችው ራሷ መሆኗን ሰማሁ። ደንቆሮ እጅ መርጣ መጣች ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አንገቷን ፈተሽኩ፣ አምስት። ትከሻዋን፣ አምስት። እያንዳንዱን አምስት ስናገር መዝጋቢው መሣሪያ ደግሞ ይጠራዋል፣ ሁለት ጊዜ እሰማዋለሁ። ሆዷን፣ ወገቧን፣ ጭኗን ጨርሼ ቀኝ እጇ ላይ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።

«አውራ ጣትሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ጣሪያ አንሺ» አልኳት። አነሣች።

«ያዢው። እንዳላወርድብሽ።»

ተጫንኩ። ተሸነፈ። ብዙ አይደለም፣ የጥፍር ውፍረት ያህል። ከዚያ ጣቷ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ትንሽ ወደ ውጭ ሸሸ፤ ከክንዷ የሚመጣው ረጅም ጅማት የእጅ አንጓዋ ላይ እንደ ክር ተወጠረ። ጎረቤት ሊያግዝ መጥቶ ነበር። መጽሐፉ ላይ መቶ ጊዜ ያነበብኩትን ወንፈል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ሰማሁት፤ የሰማሁትም በሙና እጅ ላይ ነበር።

ደስ አለኝ። ከእግሬ ጀምሮ ነው ደስ ያለኝ። አራት ብል፣ አራትም አይሞላም ብል፣ ወንበሩ የእኔ ነው። ሙና እጇን ሳይሆን ፊቴን ታይ ነበር። እኔም ደስታዬ ፊቴ ላይ ይታይ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ይህን የሰማው እጄ ነው ወይስ ቅናቴ? አራት ዓመት ሙሉ እንዲደክም የተመኘሁት እጅ ዛሬ፣ ለእኔ፣ በዚህች ሰዓት ደከመ? ማንስ ያምነኛል? ምቀኛ ናት እንደሚሉኝ አወቅኩ፤ እኔም ራሴን አላመንኩም።

ደንቡ አንድን ጡንቻ ሁለት ጊዜ መፈተሽ ይፈቅዳል። በሁለተኛው ቀለል አድርጌ ተጫንኩ። እንዲይዝ አድርጌ ነው የተጫንኩት፤ ይህን ዛሬ ልሸፋፍነው አልችልም። ጣቷ ያዘ።

«አምስት» አልኩ። መሣሪያውም አምስት አለ።

«አምስት ነው?» አለችኝ ሙና።

«አምስት ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ቃሉን ከእኔ አፍ ደጋግማ መስማት ጣማት ብዬ ውስጤ ተናደደ። እሷ ግን ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመች ትንሽ ቆየች። መምህር ይማም ወረቀቱን አይተው ሁሉም አምስት መሆኑን ሲያረጋግጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ዛሬ ቅናትሽን አሸነፍሽ አሉኝ። ለካ ያውቁ ነበር። በአራት ዓመት ያመሰገኑኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ቤቴ የገባሁት እንደ ጻድቅ ሰው ቀና ብዬ ነው፤ ለእናቴም ስለ ደግነቴ ነገርኳት።

ወንበሩ ለሙና ሆነ። እኔ ብረታ ብረት ፋብሪካው በር ላይ ተመደብኩ፤ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የተሰለፈ ሰው ትከሻ እጫናለሁ። እጄ ከዚያ ቀን ወዲህ መስማት ጀምሮ ነበር። ወንፈል ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ወገብ ለጭን ሲሠራ፣ አንገት ለትከሻ ሲሠራ። የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ቁጥሩን እናገር ነበር።

ከአሥር ወር በኋላ ወሬ መጣ፤ ሙና መሳት ጀመረች። አራቱን አምስት፣ ሦስቱን አራት እያለች ነው ተባለ። ዳኞች ተቃወሙ፣ አቤቱታ ተጻፈ። ይህን ወሬ በር ላይ ቆሜ ስሰማ አዝኜ አልነበረም፤ የነገረኝን ሰው ሻይ ጋበዝኩት። ሚያዝያ ሲደርስ ዓመታዊ የእጅ ቃሏን የሰጣት ከሌላ አካባቢ የመጣ ዳኛ ነው። ቀኝ አውራ ጣት፣ ሁለት። በዚያው ሳምንት ከወንበሩ ተነሣች። ለወንበሩ በወጣው ዝርዝር ሁለተኛ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ተጠራሁ። ስሜ በሩ ላይ በራ። ያን አምስት አንዳንዴ ሳስበው፣ ሕመሙ ከፈተናው በኋላ ነው የጀመራት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ወንበሩ ለስላሳ ነበር።

ኅዳር ላይ ሙና እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ቁጥሯን ይዛ ገባች። የክር ፋብሪካ ሥራ ጠይቃ በሩ ላይ ያለው ዳኛ ለአውራ ጣቷ ሦስት ሰጥቷታል፤ ሌላው ደግሞ ሁለት ነው ብሏል፣ ስለዚህ ነገሩ እኔ ጋ መጣ። ሦስት ከሆነች ማሽን ላይ ትሠራለች፣ ሁለት ከሆነች ወለል ትጠርጋለች። ከስታ ነበር። እንደ ድሮዋ «ትርንጎዬ» ብላኝ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋችልኝ።

ለመፈተሽ መንካት አያስፈልግም ነበር። አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ጠፍቶ ጎድጉዷል። አንሺ አልኳት፤ እስከ ግማሽ አነሣችና ወደቀባት።

«ሁለት» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እኔም ሁለት ነው ያልኩት» አለችኝ። «ሦስት ያለኝ ልጅ አዝኖልኝ ነው።»

መቼ እንደጀመራት ጠየቅኳት። ልቤ መልሱን ይፈራ ነበር፣ አፌ ግን ጠየቀ። ከፈተናው ሁለት ወር በፊት ነው አለች። ጠዋት ስትነሣ ሦስት ጣቶቿ ደንዝዘው ያድሩ ነበር፣ ጸጉሯን ስትይዝ ማስያዣው ከእጇ ይወድቅ ነበር። እጅ አንጓ ላይ በጠባቡ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ታፍኖ እንደሚሆን ገምታለች። ስሙን ከእኔ ነበር የጠየቀችው። ሐኪም ቤት ደግሞ የእጅ ቃሉ አምስት ለሆነ ጡንቻ በሩ አይከፈትም። ከፈተናው በኋላ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ መልሰዋታል፤ የመቀበያው መስኮት በሚያዝያው ፈተና አምስት ነሽ፣ ጤነኛ ነሽ ይላታል። ሁለት ተብላ በሩ ሲከፈትላት ሐኪሙ ነርቩን ከታፈነበት አላቆታል። ጡንቻው ግን ዓመት ሙሉ ሳይጠራ ቆይቶ አልቋል፣ አይመለስም። ጣቶቿም እስከ ዛሬ እንደ ደነዘዙ ናቸው፤ ያ ሁሉ የሰው ጡንቻ የሰሙት ጣቶች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሳታማርር ነው። ስለ ሌላ ሰው እጅ የምታወራ ነበር የሚመስለው። እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

«ሙና፣ ያን ቀን አውቄው ነበር» አልኳት።

«ስንት ነበር?» አለችኝ።

«አራት። አራትም አይሞላም ነበር። ወንፈሉን ሁሉ አይቼዋለሁ።»

«እና ለምን?»

«ስለቀናሁብሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቅናትና አምስት ምን አገናኛቸው ይለኝ ነበር። ሙና አላለችም። ወዲያው ገባት፤ እጇን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አነሣችና በግራ እጇ ጭኗ ላይ ይዛው ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አልያዘም። የእኔ ነበር የያዘው።

«ካሳሁን ደርሶኝ ሳለ ዝርዝሩን ያስለወጥኩት ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «ካሳሁን ይወደኛል። መምህር ይወዱኛል። የሚወደኝ እጅ ሁሉ አምስት ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ፈልጌ ነበር፤ ለሐኪም ቤቱ በር አንድ አራት ነበር የምፈልገው። እኔ ላይ የማይራራ ሰው ማን አለ ብዬ አሰብኩ። አንቺ ነሽ። ሰው መኪናው ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ሲጽፍ ይቀልዳል፤ እኔ የምሬን ነበር። አንቺ አምስት ስትዪኝ ጊዜ ግን፣ ትርንጎ እንኳ አምስት ካለችኝ በቃ ደህና ነኝ፣ ድካም ነው ብዬ ስንት ወር ተኛሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «ትርንጎዬ» አላለችኝም። ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ፣ አላስጨረሰችኝም። ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ሁለቱን መዝግቢልኝ፣ የጠራጊዎች ምዝገባ በስምንት ሰዓት ይዘጋል አለች። መዘገብኩላት። ተነሥታ ወጣች። በሩን ስትከፍት በጀርባዋ አየኋትና፣ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜም ቀናሁባት። ስለ ራሷ መጥፎ ነገር ልስማ ብላ በእግሯ የሄደች ሰው ናት። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማንንም እንዲህ ጠይቄ አላውቅም።

መዝገቡን ከፈትኩ። ሚያዝያ 2069፣ ሙና አሊ፣ ቀኝ አውራ ጣት፣ አምስት። ፈታሽ፣ ትርንጎ ሰይፉ። አምስቱን ሰርዤ አራት ጻፍኩ። መሣሪያው ምክንያት ጠየቀኝ፤ ድካም፣ የቀዘቀዘ እጅ፣ የተፈታሹ አለመተባበር፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነካሁና «ስለቀናሁባት» ብዬ ጻፍኩ።

መሣሪያው ጥቂት ቆይቶ መለሰልኝ። «የተሰጠው ደረጃ ከትክክለኛው ይበልጣል። የተጠቀሰው ምክንያት ከስህተቱ ጋር አይጣጣምም። እባክዎ ምክንያቱን ያስተካክሉ።» ከሥሩ ድካም የሚለውን ቃል ራሱ መርጦ አብርቶልኛል። ድካም ያለ ዳኛ ሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እያወቀ የሳተ ዳኛ ግን ዕድሜ ልኩን የሰው ገላ አይነካም። ቃሉ ሲበራ ሲጠፋ ትንሽ አየሁት። ዓይኔ እጄ ላይ ሄደ፤ በስንት መከራ መስማት የጀመረ እጅ ነው፣ አሳዘነኝ።

ከዚያ የጻፍኩትን ሳልነካ «ምክንያቱ ትክክል ነው» የሚለውን ተጫንኩ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም። በሩ ላይ ያለው ስሜ ጠፋ፤ መብራቱ ሲጠፋ ኮሪደሩ ትንሽ ጨለም አለ።

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰውዬ ትከሻውን በእጁ ደግፎ ብቅ አለ። በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ዳኛዋ የት እንደሄደች ጠየቀኝ።

«የለችም» አልኩትና ቦርሳዬን አነሣሁ።